ጠማቂዋ ቆማ፣ ጠጪው ተቀምጦ

ማርች 31 ቀን 1965 በአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ከተማ ሁለት ሴቶች ሬጋታ ወደሚባል ሆቴል ገብተው፣ ወንዶች ብቻ በሚጠጡበት ባር መጠጥ አዘዙ። (ከዚህ በታች የማነሣው ዘመን ሁሉ፣ የእኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መርል ቶርንተንና ሮዛሊ ቦግነር ይባላሉ፤ ሁለቱም ባለትዳሮች ነበሩ። አሳላፊው ለሴት እንደማይቀዳ ነገራቸው። መልሱን ቀድመው ያውቁት ነበርና ይዘውት የመጡትን የውሻ ሰንሰለት አውጥተው ራሳቸውን ከባንኮኒው ሥር ካለው የእግር ማሳረፊያ ብረት ጋር አሰሩ፤ ቁልፉንም ቀረቀሩ። ፖሊስ ተጠርቶ መጣ፤ ሳያስራቸውም ተመለሰ። ከጠጪዎቹ መካከል ነገሩ ያስደሰታቸው ወንዶች እንዲያውም ቢራ ገዝተው አቀበሏቸው። ወሬው በአውስትራሊያ ጋዜጦች ላይ ገነነ።

ብሪዝበን የምትገኝበት የኩዊንስላንድ ግዛት ሕግ ሴት አትጠጣ አይልም ነበር። በየሆቴሉ "የሴቶች ሳሎን" የሚባል የተለየ ክፍል ነበርና እዚያ ገብታ፣ ብዙውን ጊዜ ዋጋ ጨምራ፣ የፈለገችውን መጠጣት ትችላለች። ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ቢራ የምትቀዳ ሴትም በአውስትራሊያ ባሮች ብርቅ አልነበረችም። ነገሩ የባንኮኒው ወዲህና ወዲያ ነው። ወዲያ ማዶ ቆማ ስትቀዳ ማንም ቅር አይለውም፤ ክንድ ከስንዝር ተሻግራ ወዲህ ማዶ ስትቀመጥ ግን ሕግ ተላለፈች። ያ ሕግ የተነሣው በ1970 ነው።

የሴትንና የመጠጥን ታሪክ ላገላበጠ ሰው ይህ ባንኮኒ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ብቅ ይልበታል። ሴት እንድትጠምቅ፣ እንድትሸጥ፣ እንድትቀዳ የከለከለ ማኅበረሰብ ጥቂት ነው፤ በብዙ አገር ሙያው የእሷ ነበር። ጠቡ የሚነሣው ተቀምጣ ስትጠጣ ነው፤ ያውም የት፣ ከማን ጋር፣ በማን ገንዘብ ተብሎ።

የባቢሎኑ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕጉን በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ፣ መጠጥ ቤትን የሚመለከቱት አንቀጾች ባለቤቷን በሴት ጾታ ነው የሚጠሯት። ቢራ ሻጯ በሚዛን ካጭበረበረች ውኃ ውስጥ ትጣላለች። ወንጀለኞች ቤቷ ተሰብስበው ሲዶልቱ እያየች ይዛ ለቤተ መንግሥት ካላስረከበች ትገደላለች። ለቤተ መቅደስ የተሰጠች ሴት ግን መጠጥ ቤት ብትከፍት ወይም ቢራ ለመጠጣት ብትገባ በእሳት ትቃጠላለች። ቅጣቱ ሁሉ ከባድ ነው፤ የመጨረሻው ግን ከማጭበርበርና ከአድማ ጋር አንድ መደብ ተሰጥቶታል፤ ጥፋቷ ደጁን ረግጣ መግባቷ ብቻ ሆኖ ሳለ። በሌላ በኩል የሱመር ነገሥታት ዝርዝር ኩባባ የምትባል ቢራ ሻጭ የኪሽ ከተማ ንጉሥ እንደሆነች ይናገራል። መቶ ዓመት ገዛች ማለቱን ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ቢራ ሻጭነቷን ግን እንደ ነውር ሊደብቀው አልሞከረም።

ጨካኙ ወሬ ያለው ከሮም ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ፕሊኒ ስለ ወይን በጻፈበት መጽሐፉ ኤግናቲየስ ሜኬኒየስ የተባለን ሰው ያነሣል። ይህ ሰው ሚስቱ ከጋኑ ወይን ጠጅ ስትጠጣ አገኛትና በዱላ ቀጥቅጦ ገደላት፤ የከተማይቱ መሥራች ሮሙለስም ከግድያው ነጻ አወጣው። ሌላዋ ወይዘሮ ደግሞ የወይን ጠጅ ቤቱ ቁልፍ የተቀመጠበትን ከረጢት ስለከፈተች ብቻ ቤተሰቦቿ በረሃብ እንድትሞት ፈረዱባት። ጠጥታ እንኳ አይደለም፤ ቁልፉን ነክታ ነው። ካቶ የተባለው ታዋቂው አጥባቂ የሮም ሹም፣ ዘመዶች የቤተሰቡን ሴቶች የሚስሙት አፋቸው መጠጥ መጠጥ ይሸት እንደሆነ ለማወቅ ነው ይል ነበር።

የሮሙለስ ዘመን ወሬ አፈ ታሪክ መሆኑን ሮማውያኑም ሳያውቁት አልቀሩም። ጸሐፊዎቻቸው ግን እየተቀባበሉ ተረኩት፤ አንደኛው እንዲያውም ባልየውን የከሰሰው ቀርቶ የወቀሰው ሰው አልነበረም ብሎ አሳምሮታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ፕሊኒ በዚያው ገጽ የጠቀሰው አንድ ፍርድ ነው። ግኔየስ ዶሚቲየስ የተባለው ዳኛ አንዲት ሴት ባሏ ሳያውቅ ለጤናዋ ከሚያስፈልጋት በላይ ጠጥታለች ብሎ ጥሎሿን አስቀጣት። ባሏ ሳያውቅ! ፈቅዶላት ቢሆን፣ ወይም ራሱ ቀድቶላት ቢሆን፣ ክሱም አይኖርም ነበር። በሮማ ቤት የመጠጥ ክልከላ የቁልፍ ጉዳይ ነው፦ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ወይን የጠጣች ሴት ሌላም ደጃፍ ትከፍታለች የሚለው የወንዶቹ ጥርጣሬ ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ከምንዝር ጋር እያቆራኙ የሚያነሡትም ለዚህ ነው።

ሮም ሀብታም እየሆነች ስትሄድ ወሬው ለሽማግሌዎች ማማረሪያ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው ቄሣር የአውግስጦስ ሚስት ሊቪያ ከ80 ዓመት በላይ ስትኖር የዕድሜዋን ምሥጢር ያደረገችው ፑኪኑም ከሚባል ስፍራ የሚመጣን ወይን ነው፤ ከእሱ በቀር ሌላ አትጠጣም ነበር። ይህንንም የነገረን ያው ፕሊኒ ነው፤ ያለ አንዳች ወቀሳ፣ እንደ ጤና ምክር። የንጉሠ ነገሥቱን ሚስት አፍ ሊያሸት የሚደፍር ዘመድ አልነበረም መሰለኝ።

ወደ ለንደን እንሻገር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ተጣልታ የፈረንሳይን ብራንዲ ስትዘጋ፣ አረቄ ማውጣትን ደግሞ ለአገሯ ሰው ሁሉ ፈቀደች። ከእህል የሚወጣው ጂን ርካሽ ሆነ፤ ከ1720ዎቹ እስከ 1750ዎቹ መጀመሪያ ድረስም የለንደን ድኻ ሰፈሮች ሰክረው ኖሩ ማለት ይቻላል። በ1743 ገደማ እንግሊዝ በዓመት ወደ 8 ሚሊዮን ጋሎን ጂን ትጠጣ ነበር፤ የሕዝቧ ቁጥር ደግሞ ስድስት ሚሊዮን ግድም ነው። የጠጣው ወንዱም ሴቱም ነው። ስሙን ያገኘው ግን በሴት ነበር፤ መጠጡን "ማዳም ጄኔቫ"፣ "እማማ ጂን" ይሉት ነበር። በ1736 ፓርላማው አፋኝ ሕግ ሲያወጣ ሕዝቡ ለማዳም ጄኔቫ የይስሙላ ቀብር አዘጋጅቶ አለቀሰላት።

ጂን ስለ ምን የሴት ስም ተሰጠው? አንዱ ምክንያት ገበያው ነው። የቢራ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ፣ ልማድና ማዕርግ ነበረው፤ ባለቤቶቹም ደንበኞቹም ባብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ጂን ግን ከቅመም ሱቅ፣ ከመንገድ ዳር፣ ከጋሪ ላይ፣ ከቅርጫት ውስጥ ይሸጣል። ከገጠር ለገረድነት መጥታ ሥራ ያጣች ልጅ ጥቂት ሳንቲም ካላት ጠርሙስ ይዛ ከተራ ሻጮች ጎን ትቆማለች፤ ሲመሽም ከዚያው ትጎነጫለች። ሴት ያለ ጠባቂ ወንድ ከወንድ እኩል ቆማ የምትጠጣበት ስፍራ ተፈጠረ ማለት ነው። የ1736ቱ ሕግ ችርቻሮ ለመሸጥ የዓመት ፈቃድ 50 ፓውንድ ጠየቀ፤ ለጠቋሚም 5 ፓውንድ ሽልማት አኖረ። ፈቃዱን የሚገዛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ተይዘው የታሰሩት ብዙዎቹ በጉሊት የሚቸረችሩ ድኾች ሴቶች ሆኑ፤ ትልልቆቹ አረቄ አውጪዎች ግን እህል ከሚሸጡላቸው ባለርስቶች ጋር በፓርላማ ወዳጅ ነበራቸው።

በ1734 ለንደንን ያስደነገጠው ወንጀል የዚህ ሁሉ ምልክት ሆኖ ቀረ። ጁዲት ዴፉር የምትባል ድኻ ሴት ነበረች፤ የሁለት ዓመት ልጇ በድኾች ማደሪያ ትኖር ነበር። ማደሪያው ለሕፃኗ አዲስ ልብስ ሰጥቷታል። እናቲቱ ለጥቂት ሰዓት ልውሰዳት ብላ አውጥታ አንቃ ገደለቻት፤ ልብሱን በ16 ፔንስ ሸጠችው፤ በገንዘቡም ጂን ጠጣች። ተሰቅላ ሞተች። የሥዕል ሊቁ ዊልያም ሆጋርት በ1751 "የጂን ጎዳና" ብሎ በሠራው ኅትመት መሃል ላይ ያስቀመጠው እንዲህ ያለችውን እናት ነው። ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ደረቷን ከፍታ፣ ሱረት ልትቆነጥር ጎንበስ ስትል ሕፃኗ ከእቅፏ አምልጦ ወደታች ይወድቃል። ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ። ሆጋርት ከዚህ ጋር ጥንድ አድርጎ "የቢራ ጎዳና" የሚል ሌላ ሥዕል አወጣ፤ በዚህኛው ውስጥ ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች የቢራ ዋንጫቸውን ይዘው ደስ ብሏቸዋል፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ቢራው የእንግሊዝ ነው፣ ጂኑ የባዕድ፤ የቢራዋ ሴት ሠራተኛ ናት፣ የጂኗ ሴት እናትነቷን የጣለች።

ጭንቀቱ ሁሉ ግን የወንድ ቅናት ነው ብሎ መደምደም አላዋቂነት ነው። የለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ በ1726 ለፓርላማው ባቀረበው አቤቱታ የጂን ጠጪዎች ልጆች ደካማና በሽተኛ ሆነው እንደሚወለዱ አመልክቶ ነበር። በ1973 በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ሐኪሞች አንዲት ነፍሰ ጡር ስትጠጣ በፅንሱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ስም ሰጥተው እስኪያሳውቁ ድረስ ማስጠንቀቂያው ሳይንሳዊ መልክ አልያዘም። የዛሬ ሐኪም ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ አትጠጣ ይላል፤ ትክክል ነው። ነገሩ የተበላሸው አገሩ ይህን እውነት ለሴቶቹ ጤና ሳይሆን ለሰፈራቸው መንቀፊያ ሲያውለው ነው። የሆጋርትን ሥዕል ያየ ሁሉ ያቺን ሴት ያስታውሳል፤ ከበስተጀርባዋ ካለው አራጣ አበዳሪ ደጃፍ ዕቃውን ሊያሲዝ የቆመውን አናጢ የሚያስታውሰው ስንቱ ነው?

አሜሪካ ላይ መጥፎው ወንበር ሳሉን በሚባለው መጠጥ ቤት ነበር። ወንዶች ብቻ ይሰበሰቡበታል፤ ደመወዛቸውንም እዚያው ያፈሱታል። የዚያ ዘመን ሚስት በባሏ ገንዘብ ላይ ያላት መብት ትንሽ ነበርና የባሏ መጠጥ የልጆቿ ረሃብ ነው። በ1873 ማብቂያ በኦሃዮዋ ሂልስቦሮ ከተማ ሴቶች በሳሉን ደጃፎች ተንበርክከው መጸለይና መዘመር ጀመሩ፤ ነገሩ ከከተማ ከተማ ተዛመተ። በ1874ም የሴቶች ክርስቲያናዊ የመጠጥ ተቃውሞ ማኅበር ተመሠረተ፤ ፍራንሲስ ዊላርድ የምትባለው መሪው ለሴቶች የምርጫ መብትንም አብራ አነሣች። በ1900 ደግሞ ካንሳስ ውስጥ ካሪ ኔሽን በድንጋይና በመጥረቢያ የሳሉን መስታወትና በርሜል መሰባበር ጀመረች። ከዚያ በ1920 የመጠጥ ዕቀባ በመላ አገሪቱ ሲጸና፣ በዚያው ዓመት ሴቶቹ የመምረጥ መብት አገኙ።

የተከተለውን ማንም አላሰበውም። ሳሉኑ ተዘግቶ በየምድር ቤቱና በየጓዳው ድብቅ መጠጥ ቤት ተከፈተ። ድብቅ ቤት የቆየ ሕግ የለውም፤ ሁሉም ሕገ ወጥ ሆኖ ሲገባ "ለወንዶች ብቻ" የሚል ሰሌዳ የሚሰቅል ባለቤት የለም። ቤቱ ጃዝ አለው፣ ጭፈራ አለው፣ ሴትም መግባት አለባት። የመጠጥ ዕቀባው በአሜሪካ ከተሞች ሴትና ወንድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚጠጡበትን ልማድ አስፋፍቶ ሄደ። በ1929 ፖሊን ሴቢን የምትባል የናጠጠች የኒውዮርክ ወይዘሮ፣ ቀድሞ ዕቀባውን የምትደግፍ የነበረች፣ ዕቀባው እንዲነሣ የሚታገል የሴቶች ድርጅት በቺካጎ መሠረተች። አባሎቿ ከሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ድርጅቷ ይናገር ነበር። ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ዕቀባው ሲሻር ፖለቲከኞቹ "ሴቶች ሁሉ ከዕቀባው ጋር ናቸው" የሚለውን ሰበባቸውን ካጡ ቆይተዋል።

ዕቀባው ቢነሣም ባንኮኒው አልተነሣም። በኒውዮርክ በ1854 ተከፈትኩ የሚለው ማክሶርሊ የተባለው ቢራ ቤት መፈክሩ "ጥሩ ቢራ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ሴት የለም" የሚል ነበር። በ1939 ባለቤቱ ሲሞት ቤቱን የወረሰችው ልጁ ዶሮቲ ኦኮነል ኪርዋን ናት። ዶሮቲ ለአባቷ የገባችውን ቃል አክብራ ለሴት አልከፈተችውም፤ እሷም ቤቱ ሥራ ላይ ሳለ አልገባችም። ሒሳቡን የሚይዙላት፣ ቢራውን የሚቀዱላት ወንዶች ናቸው፤ የራሷን ቤት ውስጡን የምታየው እሑድ ከተዘጋ በኋላ ነበር። በ1969 ፌይዝ ሳይደንበርግና ካረን ዲክሮው የተባሉ ሴቶች ገብተው ሲባረሩ ከሰሱ፤ በ1970 ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ከንቲባው ጆን ሊንዚም ሕዝብ በሚገለገልበት ቦታ ሴት እንዳትከለከል የሚያዝ ደንብ ፈረመ። ኦገስት 10 ቀን በሩ ተከፈተ። ዶሮቲ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዋ ደንበኛ እንድትሆን ስትጠየቅ እምቢ አለች። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ የተሠራው ከዚያ 16 ዓመት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ሁሉም በአንዱ ይጠቀም ነበር።

ለጋዜጠኛ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የለንደኑ ኤል ቪኖ ነው። ፍሊት ስትሪት ብዙዎቹ የእንግሊዝ ጋዜጦች የተሰበሰቡበት ጎዳና ነበር፤ ኤል ቪኖ ደግሞ ጋዜጠኛው፣ ጠበቃው፣ ዳኛው የሚገናኝበት የወይን ቤት። ቤቱ ለሴት ወይን ይሸጣል። ባንኮኒው ፊት ቆማ ማዘዝ ግን አትችልም፤ በስተኋላ ባለው ክፍል ተቀምጣ አስተናጋጅ እስኪያመጣላት ትጠብቃለች። (እዚያ ደግሞ ሴቲቱ እንድትቀመጥ ነው የተገደደችው፤ ወንዶቹ ናቸው የሚቆሙት። ሥፍራው ይገለበጣል፤ ልዩነቱ ግን ይቆያል።) ጠበቃዋ ቴስ ጊልና ጋዜጠኛዋ አና ኩት በ1975ቱ የፆታ አድልዎ ሕግ ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም፤ ይህን ያህል ነገር ምን ያከራክራል በሚል መንፈስ ነበር። በ1982 የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን ፈረደላቸው። ከዳኞቹ አንዱ ግሪፊዝስ ያነሡት ነጥብ ቀላልና ሹል ነው፦ ይህ ቤት የዕለቱ ወሬ የሚለዋወጥበት ነው፣ ጋዜጠኛም በወሬ ይኖራል፤ ሴቲቱን ከባንኮኒው ማራቅ ከሥራዋ ማራቅ ነው። የመጠጥ ሥፍራ የሥራ ሥፍራ መሆኑን ወንዶች ሁሉ ያውቁት ነበር፤ በፍርድ መዝገብ ሲሰፍር ብቻ ደነቃቸው።

አንድ ተቃራኒ ልጨምር። በአሜሪካ የኦክላሆማ ግዛት ደካማ ቢራ ለሴት ከ18 ዓመት፣ ለወንድ ከ21 ዓመት ጀምሮ ይሸጥ ነበር፤ ጎረምሳ ሲጠጣ ይነዳል ተብሎ። አንድ ወጣት ወንድ ከአንዲት ቢራ ሻጭ ጋር ሆኖ ከሰሰና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 ሕጉን ሻረው። በአሜሪካ የሴቶችን እኩልነት ለማስከበር ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው ይህ ለወንድ ቢራ የተፈረደ ፍርድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ጠላ ይሸታል። ጠጅ የምትጥለው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ አረቄ የምታወጣው ሴት ናት። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ የምታጥነው፣ ጌሾውን ወቅጣ የምትጠነስሰው፣ ብቅሉን የምታበቅለው፣ አሻሮውን የምትቆላው እሷ ናት፤ ሌሊት ተነሥታ ጥንስሱን በጆሮዋና በአፍንጫዋ የምታዳምጠውም። በባለሙያነቷ ትመሰገናለች። ሰርግ የሚያምረው በእሷ እጅ ነው። ስታቀርበው ግን ደረጃ አለው፤ ዋናው ጠላ ለወንዱና ለእንግዳው፣ ከአተላው ላይ ዳግመኛ ውኃ ተጨምሮ የወጣው ቅራሪ ለልጆችና ለሴቶች። ጠጁም እንዲሁ ነው፤ ያልፈላው ብርዝ የሴትና የሕፃን ነው። በሙስሊሙ ቤት ጥያቄው ቀድሞ ተዘግቷል፤ ክልከላው ለወንዱም ለሴቱም እኩል ነውና ብርዝ ከሁሉም ፊት ይቀርባል።

ሴት አትጠጣም ነበር ማለት ግን ከቶ አይሆንም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1770 እስከ 1771 በጎንደር ከርሞ በጻፈው መጽሐፉ በአንድ ግብዣ ላይ ያየውን ይተርካል። ሴቶቹ ሥጋውን በጤፍ እንጀራ ጠቅልለው ወንዶቹን ያጎርሷቸዋል፤ ወንዶቹ ጠግበው በቀንደ ዋንጫ ከጠጡ በኋላ ሴቶቹ በተራቸው በልተው ሁሉም አንድ ላይ ይጠጣሉ። መጽሐፉ በ1790 ሲወጣ የለንደን ሰው ብዙውን ውሸት ነው ብሎ ሳቀበት። ብሩስ ማጋነን ይወድ ነበር፤ የጎንደር ወይዛዝርት ከወንዶች ጋር ጠጡ ማለቱ ግን አገራችንን ለሚያውቅ የሚያስገርም አይደለም። በየወሩ በ21 የማርያምን ማኅበር የሚጠጡ ሴቶች ጽዋውን ሲያዞሩ ማን ነውር አለ? ተራዋ የደረሰው ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ታቀርባለች፤ አስፈላጊ ከሆነም ይደገማል፣ ይሠለሳል። ያው ጠላ ነው። መንገድ ተሻግራ፣ ደጃፉ ላይ በእንጨት ጣሳ የተሰካበት ቤት ገብታ ብትጠጣው ግን ስሟ ይነሣል።

ጣሳ የተሰካበት ቤት ባለቤት ራሷ ሴት ናት፤ ይኼ ነው ጉዱ። አዲስ አበባ በ1879 በእኛ አቆጣጠር ከተቆረቆረች ወዲህ ባሏ የሞተባት፣ የተፈታች፣ ከልጅነት ጋብቻ የሸሸች ሴት ወደ ከተማ ስትመጣ መሬት የላትም፣ ትምህርት የላትም፤ የእናቷ ሙያ ብቻ አለ። በሁለት ጋን ጠላ ወይም በአንድ ጋን ጠጅ ቤት ትከፍታለች። ኮማሪት ትባላለች። የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ቤት ያላት፣ ለማንም የማትገዛ ሴት ናትና ሰፈሩ ይፈራታል፣ ይንቃታል፣ ይጠጣላታል። ስንት የከተማ ልጅ በጠላና በአረቄ ገንዘብ ተምሮ ሐኪምና ጠበቃ ሆኗል፤ የእናቱን ሥራ ሲጠየቅ ግን "ትነግዳለች" ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው።

ጣሊያን አምስት ዓመት ሲቀመጥ ባሩና የጠርሙስ መጠጡ በዙ፤ ከነጻነት በኋላም ቡና ቤቶቹ ውቤ በረሃን የመሰሉ የምሽት ሰፈሮችን አነገሡ። እዚያ ሴቲቱ በእርግጥም ትቀመጣለች፣ በእርግጥም ትጠጣለች። ግን ሥራ ላይ ናት። ደንበኛው በጋበዛት ቁጥር የቤቱ ገቢ ያድጋልና "ጋብዘኝ" ማለት ግዴታዋ ነው፤ አልፈልግም ማለት አትችልም። ከቤት የጠጣችው ወይዘሮ ጨዋ፣ ከጠጅ ቤት የሸጠችው ኮማሪት፣ ከቡና ቤት የጠጣችው ሴተኛ አዳሪ፤ ለተማረችና ደመወዝ ለምትበላ፣ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ቢራ ለመጠጣት ለምትፈልግ ሴት የቀረ ወንበር አልነበረም። የዩኒቨርሲቲና የመሥሪያ ቤት ሴቶች ቦታውን ያገኙት ቀስ በቀስ፣ በሆቴል ምግብ ቤቶችና በሬስቶራንቶች በኩል ነው፤ ምግብ የቀረበበት ጠረጴዛ ባንኮኒ አይደለምና።

ቢራው ራሱ ቆይቷል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ በ1915 በእኛ አቆጣጠር ነው የተቋቋመው። በእኛ አቆጣጠር በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ሃይኒከን በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጆ ደግሞ ሜታን ሲገዙ ግን ውድድሩ ጦፈ፤ ማስታወቂያው አገሩን ሞላው። ለሴት የታሰበው ጠርሙስ ምን እንደሆነ ከዚያ ማየት ይቻላል፦ ጣፋጩና አልኮል የሌለው ማልት። ለሚጾመውም፣ ለሚነዳውም፣ ለሙስሊሙም የተሠራ ጥሩ መጠጥ ነው፤ በሬስቶራንት ግን "ለእርስዎስ ማልት?" ሲባል የሚጠየቁት በብዛት ሴቶች ናቸው። የብርዝ ታናሽ ወንድም በሉት።

በእኛው 2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ አወረደ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም መሸጥን ከለከለ። ሕጉ ወንድና ሴት አይለይም። አስተናጋጁ ግን ይለያል። ጥንዶቹ አንድ ቢራና አንድ ማልት ካዘዙ፣ ትሪውን ይዞ መጥቶ ሳይጠይቅ ቢራውን ከሰውየው፣ ማልቱን ከሴትየዋ ፊት ያስቀምጣል። ያዘዙት በተቃራኒው ከሆነ ጠርሙሱን ራሳቸው ይቀያየራሉ፤ ሒሳቡን የሚያመጣው ያው ለሰውየው ነው።